ሽማግሌ ናሺድ ይጸልዩበታል

በዚህ ዓለም ላይ ሽማግሌ ናሺድ የሌሉባት ቤተ ክርስቲያን የለችም። ስማቸው ይለያይ ይሆናል። አንዱ ጋ ወፍራም፣ ሌላው ጋ ቀጭን ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀሚስ ለብሰው የሴቶችን ኅብረት ይመራሉ። ግን አሉ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቆ፣ ሁሉም ተሰላችቶ፣ ነገሩ እጅ በማውጣት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከወደ ጥግ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው።

"ወንድሞች፣" ይላሉ፣ "ለምን አንጸልይበትም?"

እንግዲህ አይጸለይበት የሚል ክርስቲያን ከየት ይመጣል?

በግብፅ አገር በሚንያ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ባለችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ይህችን ቃል ለሃያ ሁለት ዓመት በቃለ ጉባኤ ስትጽፍ የኖረችው ፊክሪያ ናት። ፊክሪያ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሽማግሌ አይደለችም፤ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወንዶች ናቸው። ከወንዶቹ መሃል የሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ያለው ስላልተገኘ ግን ጸሐፊ አደረጓት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት "ጉዳዩ በጸሎት እንዲታይ ተወስኗል" ብላ ዘርዝራ ትጽፍ ነበር። በስምንተኛው ዓመት እጇ ዛለና "በ.ጸ." ብቻ ማድረግ ጀመረች። አሁን መዝገቡን የሚገልጥ ሰው ከላይ እስከ ታች በ.ጸ.፣ በ.ጸ.፣ በ.ጸ. እያለ ይወርዳል።

የግድግዳውን ቀለም ብቻ እንውሰድ። ከአራት ዓመት በፊት ቀለም ቀቢው መጥቶ፣ ሽማግሌዎቹ አይተው እንዲመርጡ ከመድረኩ ጀርባ ሦስት ናሙና ቀብቶ ሄደ፤ ክሬም፣ ውኃ ሰማያዊና ቀላ ያለ ቢጫ። ክቡር ሽማግሌ ናሺድ መነጽራቸውን አወለቁ። እጀታውን አንድ በአንድ አጠፉ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። መነጽሩ ኪስ ከገባ ነገሩ እንዳበቃለት ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። "እንጸልይበት፤ ጌታ ፈቃዱን ይገልጣል" አሉ። ሦስቱ ናሙናዎች እስከ ዛሬ እዚያው አሉ። አንድ ጊዜ ከካይሮ የመጣ እንግዳ ሰባኪ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ይህ ባለ ሦስት ቀለም ንድፍ የሥላሴን ምሥጢር እንዴት ባለ ትሕትና እንደሚያሳይ ሲናገር እንባ ተናነቀው። ሽማግሌ ናሺድ ወደ ፊክሪያ ዘንበል ብለው "አየሽ?" አሏት፣ "ጌታ ሥራ ላይ ነው።"

የማራገቢያዎቹም ነገር አለ። በሐምሌ የሚንያ ሙቀት የመዝሙሩ መጽሐፍ እጅ ላይ ይጣበቃል። አዲሱ ቄስ ሚድሐት፣ ገና ወጣት ስለሆነ፣ ስብሰባው ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ሽማግሌ ናሺድ፣ ይሄ እኮ ማራገቢያ ነው! ጣሪያ ላይ የሚሰቀል! ሰው እየቀለጠ ነው! የእግዚአብሔር ፈቃድ ከዚህ በላይ እንዴት ግልጽ ይሁን?"

"ልጄ፣" አሉ ሽማግሌው በፍጹም ፍቅር፣ "ፈቃዱ ግልጽ ሲመስለን ነው የበለጠ መጠንቀቅ።"

ሦስት በጋ ተጸለየ። በሦስተኛው አንዲት አሮጊት መዝሙር መሃል ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ወጣቶቹ ውኃ ረጭተው አስነሷቸውና ማንንም ሳያስፈቅዱ አንድ ቅዳሜ መሰላል ይዘው መጥተው ማራገቢያዎቹን ሰቀሉ። በማግሥቱ ሽማግሌ ናሺድ ገቡ፤ ወደ ላይ አዩ፤ ነፋሱ በትክክል የሚወርድበት ወንበር ላይ ተቀመጡና "መልስ መጣ" አሉ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ያው ናቸው። ሚኒባስ ተራ ላይ ሦስት መኪና ያሳልፋሉ። ቲማቲም ሻጩ "አባቴ፣ ወይ ይግዙ ወይ ጥላ ይሁኑኝ፣ ፀሐዩን ከልለው ይቁሙ" ይላቸዋል። በአንድ ወቅት እንዲህ አልነበሩም፣ ወይም አይታወቅባቸውም ነበር፤ ባለቤታቸው ማዳም ኤቭሊን በሕይወት ነበሩና። ማዳም ኤቭሊን በአንድ ትንፋሽ ቲማቲም ገዝተው፣ ልጅ ድረው፣ ዓሣ ነጋዴውን ሰድበው የሚመለሱ ሴት ነበሩ። ቀብራቸው ዕለት ሽማግሌ ናሺድ ለሚያጽናናቸው ሁሉ "ጌታ ፈቃዱን የሚነግረኝ በእሷ በኩል ነበር" ይሉ ነበር። ሰዉ መንፈሳዊ ነገር መሰለው። ሰውዬው ግን እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የክረምት ካፖርታቸውን ክረምት ከበጋ ይለብሳሉ፤ አውልቅ የሚላቸው የለም።

ፊክሪያ ሽማግሌውን ትጠላቸዋለች ማለት ይከብዳል። መጥላት ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ደክሟታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ክፍልፋይ አስተምራለች። ያላገባ ወንድሟን ትጦራለች። ሳይወሰን የቀረ ነገርን ሁሉ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጣለች። ሽማግሌ ናሺድ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብዕሯን ታነሣና እሳቸው ሳይናገሩ ትጽፋለች።

ከዚያ የሐሊም እግር መጣ።

ሐሊም ወንድሟ ነው፤ በአምስት ዓመት ይበልጣታል። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ምልክት ሰጪ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ጣሪያ ላይ ቤት ሠርቶ ርግብ ማርባት ያዘ። ከእነሱ ፎቅ እስከ ጣሪያው ሁለት ዙር ደረጃ ነው፤ ሐሊም በቀን አራት ጊዜ ይወጣዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በገናና በፋሲካ ነው። "የእናንተ ጌታ ቀይ መብራት ብቻ ነው የሚያበራው፤ አረንጓዴ አያውቅም" እያለ እህቱን ያበሽቃታል። ስኳር አለበት። የርግብ ቤቱ ምስማር ቀኝ እግሩን ሲወጋው ለማንም አልተናገረም፤ ጨርቅ ጠምጥሞ ዝም አለ። ፊክሪያ ያወቀችው ከሽታው ነው። መጀመሪያ አይጥ የሞተ መስሏት ቁም ሣጥኑን ስባ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት አእምሮው ገና ደህና ነበር። መኪናው ውስጥ እጇን ይዞ "ስሚኝ ፊክሪያ" አላት። "የምሞት ከሆነ በሁለት እግሬ ልሙት። ቢላዋ እንዳታስነኪኝ። አደራ።" እሷ በመስኮት ወደ ዓባይ አየች። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወጣ፤ ሐሊም ሰው መለየት አቆመና ያልነበሩ ባቡሮችን ማሳለፍ ጀመረ።

ዘጠኝ ቀን ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ "ጌታ ሆይ ጥበብ ስጠኝ" እያለች በሙሉ ዓረፍተ ነገር ትጸልይ ነበር። በአራተኛው ቀን "ጥበብ ስጠኝ" ሆነ። በሰባተኛው "ጥበብ" ብቻ ቀረ፤ ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው ቁጥር እንደሚቆጥረው፣ እያለችው አትሰማውም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ዶክተር ባሲም ወረቀት ይዞ ወጣ። ተማሪዋ ነበር፤ በልጅነቱ ክፍልፋይ አልገባ ብሎት አስለቅሷታል።

"ቲቸር፣" አላት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ "ከጉልበት በታች ነው። ዛሬ ከቆረጥን ተስፋ አለ። ልቡ ደካማ ስለሆነ ላይነሣም ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ካልቆረጥን ግን መርዙ ወደ ላይ እየሄደ ነው። እሱ ራሱ መፈረም አይችልም። እርስዎ ነዎት ያሉት።"

"አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

ልጁ ዓይኑን ሰበረ። "እሱን አይጠይቁኝ፣ ቲቸር። እኔ ያለውን ነው የምነግርዎ። እስከ ቀትር ያሳውቁኝ።"

ካይሮ ላለችው የአጎቷ ልጅ ደወለች። "ውይ እኔን! አንቺ አጠገቡ ነሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ" ብላት አለቀሰችና ስልኩ ተቋረጠ። ቄስ ሚድሐት መጣ። መዝሙር አነበበላት፤ አጠገቧ ተንበርክኮ ከልቡ ጸለየ፤ ሲነሣ "እህት ፊክሪያ፣ ጌታ የሚያሳይሽን አድርጊ" አላት። ያኔ ለማራገቢያ የጮኸው ልጅ ነው። ፊክሪያ ጌታ የሚያሳያትን ለማየት ቀና አለች። የኮሪደሩ ግድግዳ ነበር።

ቄሱ እንደሄደ ከኮሪደሩ ጫፍ ካፖርት ለብሶ የሚመጣ ሰው አየች። ግንቦት ነው። ውጭው ያቃጥላል።

'አሁንስ በዛ' አለች በሆዷ።

ሽማግሌ ናሺድ አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ሐሊም ጠየቁ፤ ዶክተሩ ያለውን፣ ሐሊም መኪና ውስጥ ያላትን፣ እስከ ቀትር የቀራትን ነገረቻቸው። እያንዳንዱን ቃል ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ስትጨርስ እጃቸው ወደ ፊታቸው ሄደ። መነጽራቸውን አወለቁ። አንዱን እጀታ አጠፉ።

"አይበሉኝ" አለች ፊክሪያ።

"ምን አልኩ?"

"ያቺን ቃል እንዳይሏት። እለምንዎታለሁ፣ ዛሬ አይበሏት።"

"እህቴ ፊክሪያ፣ እኔ እኮ..."

"ለዋጊህም ብለዋት ነበር!"

ከጉሮሮዋ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ይህን ስም ጮክ ብላ ከጠራችው ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ዋጊህ ለትዳር የጠየቃት ፋርማሲስት ነበር። እሷ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ሞተዋል፤ ሐሊም ደግሞ "ደስ ካለሽ አግቢ፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፣ እኔ የሰው ጉዳይ አላውቅም" ብሎ ወደ ምልክት ቤቱ ሄዷል። ስለዚህ በቤተሰቧ ፈንታ እሺ ወይም እምቢ ብለው ቃል የሚሰጡት ሽማግሌ ናሺድ ነበሩ።

"ሦስት ጊዜ መጣ" አለች። "ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጣፋጭ ይዞ፣ ሦስት ጊዜ እቤትዎ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ 'እየጸለይንበት ነው' አሉት። እርስዎ ጸሎትዎን ሳይጨርሱ እሱ ቤኒ ሱዌፍ ሄዶ አገባ፣ ወለደ፣ ልጁን ዳረ! እኔ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ ተናገርኩ? የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቃለ ጉባኤዎን ጻፍኩ። አሁን ግን ይሄ ቀለም አይደለም፣ ማራገቢያ አይደለም። እግር ነው! ይሸታል! እስከ ቀትር ነው የሰጡኝ!"

አንዲት ነርስ ከበሩ ብቅ ብላ አይታቸው ተመለሰች። ሽማግሌ ናሺድ መነጽሩን፣ አንድ እጀታው ታጥፎ አንዱ ተዘርግቶ፣ እንደያዙ ቀሩ።

"ዋጊህን አልረሳሁትም" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "ጥሩ ሰው እንደነበረ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ፈርቼ ነው። ክፉ ቢወጣስ? ቢበድልሽስ? ይኼው ናሺድ ነው የዳራት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለፈሪ ሰው እንደ ጸሎት የሚመች መደበቂያ የለም ፊክሪያ። ማንም ገብቶ 'ውጣ' አይለውም።"



ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወረቀቱን ከጭኗ ላይ አነሡት። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አነበቡ። ጀርባው ባዶ ነበር፤ እሱንም ትንሽ አዩት።

"ብዕር አለሽ?"

"ለምን?"

"ፈርሚ።"

"ምን አሉ?"

"ፈርሚ። እግሩ ይቆረጥ።"

ፊክሪያ ፊታቸውን አየች። ላብ ከግንባራቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

"ጸለዩበት?"

"ከቤቴ ጀምሮ እስከዚህ። ሁለት ሚኒባስ አመለጠኝ።"

"ታዲያ ምን መጣልዎ?"

"ምንም።" አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ምንም አልመጣልኝም። ጥበብ ለምኜ እንዲህ ባዶዬን ቀርቼ አላውቅም። ፈርሚ ብቻ። ሐሊም ሲነቃ ማን ነው ያስፈረመሽ ካለ፣ ናሺድ በዪው።"

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ለምስክር የሚሆን መስመር ነበር። ሽማግሌ ናሺድ ብዕሩን ተቀብለው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ እሷ ሳትፈርም በፊት ምስክርነታቸውን ፈረሙ። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጻፉት። መስመሩ አልበቃ ብሎ አያታቸው ወደ ታች ወረዱ። ፊክሪያ ከእሳቸው በላይ፣ በሚነበብ ጽሑፍ፣ ስሟን ጻፈች።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሽማግሌ ናሺድ ካፖርታቸውን አውልቀው እግራቸው ላይ አጥፈው ተቀመጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥተው ውኃ አመጡላት። ዶክተር ባሲም ጭምብሉን አውርዶ ሲወጣና "ልቡ ችሎታል፣ ቲቸር" ሲል ሽማግሌው ካፖርታቸውን መልሰው ለበሱ።

ሐሊም በሦስተኛው ቀን ነቃ። ብርድ ልብሱን አየ። በቀኝ በኩል የወረደበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ማን ነው?" አለ።

ፊክሪያ ሁለት ሌሊት ሙሉ መልሱን ስታጠና ነበር። እኔ ነኝ፣ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም፣ ይቅር በለኝ። ነገር ግን ዓይኑን ስታየው አፏ በራሱ ተከፈተና "ሽማግሌ ናሺድ" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሊም ለእህቱ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቁጣው ሁሉ አድራሻ አገኘ።

ሽማግሌ ናሺድ ሐሊም ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ መጡ። ሦስት ፎቅ በእግራቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ገና ደፉን ሲረግጡ ሐሊም ከአልጋው ጮኸ።

"አንተ ነህ እግሬን ያስቆረጥከው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ጫማ ማሠሪያ ሳትጸልይ የማታስር፣ የእኔን እግር ጊዜ ነው ጀግና የሆንከው?"

"አዎ።"

"ውጣ!"

አልወጡም። አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ተሰደቡ። የሐሊም ስድብ የባቡር ሠራተኛ ስድብ ነው፤ ብዙ ፉርጎ አለው። ስለ ካፖርታቸው፣ ስለ ጺማቸው፣ ስለ ሦስቱ ቀለማት፣ ስለ ሽማግሌነት ሁሉ። ሽማግሌው አንዳንዴ "እሱስ ልክ ነህ" ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ሐሊም ሲደክመው "ርግቦቹስ?" ብሎ ያፈጥጥባቸዋል። ያኔ የእህሉን ቆርቆሮ ይዘው ሁለቱን ዙር ደረጃ ወደ ጣሪያ ይወጣሉ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከየትኛው ጎጆ መጀመር እንዳለባቸው ሲያስቡ ይቆማሉ፤ ርግቦቹ ግን አይጠብቁም። ትከሻቸው ላይ፣ ራሳቸው ላይ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ይሰፍራሉ። ሐሊም የክንፉን ድምፅ በመስኮት ሰምቶ ከታች ይጮሃል።

"በትነው! ዝም ብለህ በትነው ሰውዬ! እነሱ ይመርጣሉ!"

ሲወርዱ ካፖርታቸው ነጭ በነጭ ሆኖ ነው። ፊክሪያ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላቸዋለች።

በየሁለት ሳምንቱ አርብ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ። ሰውዬው እዚያ ምንም አልተለወጡም። አጥሩ ይጠገን ወይስ ይፍረስ ሲባል መነጽራቸውን አጠፉ፤ ፊክሪያም እንደ ልማዷ ጻፈች። ስለ ሆስፒታሉ ለማንም አልተናገሩም። ቄስ ሚድሐት እህት ፊክሪያ እንዴት ባለ እምነት እንደወሰነች በስብከቱ አነሣ፤ እሳቸው "አሜን" አሉ። ፊክሪያ ግን ወንበሯ ላይ ፊቷ ጋለ። በየጠዋቱ ከወጥ ቤት ሆና የሚሰደበውን ስድብ ስትሰማ፣ እያንዳንዷ ቃል የእሷ እንደነበረች ታውቃለች።

በሰባተኛው ሳምንት ላይ አልቻለችም። ሽማግሌው ሊወጡ ሲሉ ተከትላቸው ደረጃው አፍ ላይ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገች።

"ሽማግሌ ናሺድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ ምንም ካልመጣልዎ፣ ለምን ፈርሚ አሉኝ? መሞቱም ይችል ነበር እኮ።"

"ይችል ነበር።"

"ታዲያ?"

ሽማግሌው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ።

"ፊትሽን አየሁት" አሉ። "ዘጠኝ ቀን ያልተኛሽ ሰው ነሽ። ብትፈርሚና ቢሞት ገደልኩት ትያለሽ። ሳትፈርሚ ቢሞትም ገደልኩት ትያለሽ። ጌታ የትኛውን እንደሚፈልግ እኔ አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም። ያንን ነገር ብቻሽን እንድትሸከሚው እንደማይፈልግ ግን እርግጠኛ ሆንኩ። እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ቢበላሽ፣ የምትቆጪው ሰው ይኖርሻል አልኩ።" ትንሽ ፈገግ አሉ። "ደግሞ እኔን መቆጣት ለምደሻል።"

አንድ እግራቸውን አንደኛው ደረጃ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ። ፊክሪያ ከላይ ሆና ካፖርቱን አየችው፤ ትከሻው ላይ ሳትጠርገው የቀረ አንድ ላባ አለ። ልትጠራቸው አሰበችና ተወችው።

ቀጥ ብላ ሐሊም ክፍል ገባች። አልጋው ግርጌ ቆመች።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ?"

"የፈረምኩት። አደራህን የበላሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ናሺድ ምስክር ብቻ ናቸው። መስደብ ከፈለግህ እኔን ስደበኝ፤ ሰውዬውን ተዋቸው።"

ሐሊም ትራሱን አስተካከለ። አልተደነቀም።

"አውቃለሁ" አላት።

"ምን አወቅህ?"

"ፊክሪያ፣ ሆስፒታል ወረቀቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር እኮ። ጽሑፍሽን አላውቀውም? ከዚያ ደግሞ፣ ሻይ ላይ ስኳር ስንት እንደሚጨምር አንድ ሰዓት የሚያስብ ሰውዬ ነው ብቻውን እግሬን የሚያስቆርጠኝ? ሞኝ አደረግሽኝ?"

ፊክሪያ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ባዶ በሆነው በኩል፣ ቁጭ አለች። "ታዲያ ሰባት ሳምንት ሙሉ ለምን ሰደብካቸው?"

ሐሊም ወደ መስኮቱ ዞረ። ጣሪያው ላይ የክንፍ ድምፅ አለ።

"መስደብ ነበረብኝ" አለ። "ካልተሳደብኩ አብድ ነበር። አንቺን ደግሞ አልቻልኩም። ፊትሽን ሳይ አልቻልኩም። ሰውዬው ራሱ መጥቶ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ምን ላድርግ?" ጉሮሮውን ጠረገ። "ደህና ሰው ነው። እንዳትነግሪው።"

ከዚያ ራበኝ አለ። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ራበኝ ሲል የመጀመሪያው ነው።

ፊክሪያ ወጥ ቤት ገብታ ፉሉን ጣደች፤ ሎሚ ቆረጠች። ዘጠኝ ቀን ስትለምነው የነበረው ጥበብ የት እንደደረሰ አሰበች፤ መጥቶ ከሆነም እንዴት ባለ ልብስ እንደመጣ። መልስ የሚመስል ነገር ለማግኘት አልሞከረችም፤ ደክሟታል። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ "እሺ፣ ጌታ" አለች።

ለእግሩ ይሁን፣ ለዋጊህ፣ ወይስ ለሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ራሷም አለየችውም። ለሁሉም መሰላት።